ፊደሉን ለሁሉም፦ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ታሪክ

ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የኢትዮጵያና የኤርትራ ፊደል በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ያለ ክፍያና ያለ ገደብ እንዲሠራ የሚደክም፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። መሥራቹ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። ድርጅቱ በአሜሪካ ሆኖ ኪቦርዶችን፣ የቀንና የወር ስያሜዎችን፣ የፊደል ቅደም ተከተል መረጃዎችንና አነስተኛ ፕሮግራሞችን እያዘጋጀ ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ሲያበረክት ቆይቷል። ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱ ለማንም ተገልጦ የተቀመጠ፣ የፈለገ ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። በኮምፒውተርና በስልክ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በዚህ ድርጅትና በመሰሎቹ ድካም ይጠቀማል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ድርጅቱ ከመኖሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የግል ኮምፒውተር ወደ ቢሮና ወደ ቤት ሲገባ ለአማርኛ የተዘጋጀ ቦታ አልነበረውም። የዘመኑ ማሽኖች ለአንድ ፎንት የሚሰጡት ቦታ ቢበዛ 256 ነበር፤ ከዚያም ግማሹን የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና የማሽኑ ትእዛዞች ይዘውታል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡና ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮች ሲጨመሩ ደግሞ ከ300 ያልፋሉ። ይህን ሁሉ በዚያ ጠባብ ቦታ ማስገባት ትልቅ ብልሃት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። በሂውሌት ፓካርድ ይሠሩ የነበሩት ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግን አቋቁመው፣ ዶ/ር አበራ ሞላም በኮሎራዶ ሆነው በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ካዘጋጁት ቀደምት ሰዎች መካከል ናቸው። ከእነርሱ በኋላ በርካቶች ተከተሉ፤ በአዲስ አበባ ቢሮዎች በሰፊው የታወቁት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝም የዚሁ ጎዳና ፍሬዎች ናቸው።

እያንዳንዱ ሶፍትዌር ግን ፊደሉን የሚደረድረው በራሱ ሥርዓት ነበር። አንደኛው ለ«ሀ» የሰጠውን ቁጥር ሌላው ለሌላ ፊደል ሰጥቶታል። አንዱ ፊደላቱን በሁለት ፎንቶች ከፍሎ ያስቀምጣል፤ ሌላው ደግሞ እግሩንና ቅጥያውን እየቀጣጠለ ይሠራል። በመርካቶ ሸማ ተራ ላለ ነጋዴ ችግሩ የሚታየው በኪሳራ መልክ ነው። የማስታወቂያ ወይም የዋጋ ዝርዝር ጽሑፍ በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ተተይቦ በፍሎፒ ዲስክ ወደ ማተሚያ ቤት ይወሰዳል። ማተሚያ ቤቱ ያንኑ ፎንት ካልጫነ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። መፍትሔው እንደገና ማስተየብ፣ እንደገናም መክፈል ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላ አቅጣጫ የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ እየተነሣ ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን አስታወቁ፤ በ1985 ደግሞ ነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት አድርገው መሠረቱ። በ1991 የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ለቀቀ። ለአማርኛና ለትግርኛ ይህ እንቅስቃሴ የከፈተው በር ሰፊ ነበር። ትልቅ ኩባንያ አንድን ቋንቋ የሚጨምረው ገበያውን መዝኖ ነው፤ የኢትዮጵያ ገበያ ደግሞ በዚያ ሚዛን ለረጅም ጊዜ ቀልሎ ኖሯል። ኮዱ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ግን ፈቃድ የሚጠየቅ ነጋዴ የለም፤ ሥራውን የሚያውቅና የሚተጋ አንድ ሰው ከተገኘ ቋንቋው ይገባል።

እንዲህ ያሉ ሰዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተገኙ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀውን፣ የኢትዮጵያን ፊደል በተራው የላቲን ኪቦርድ መወከያ ሥርዓት አዘጋጁ። አሠራሩ ቀላል ነው። «ኤስ» እና «ኢ» ተከታትለው ሲመቱ «ሰ» ይሆናሉ፤ «ኤል» እና «ኤ» ደግሞ «ላ»ን ይሰጣሉ፤ «ኤም» ብቻውን ሲቀመጥ «ም» ነው፤ በአንድነት «ሰላም» ይነበባል። ትንሹ «ቲ» ለ«ት»፣ ትልቁ «ቲ» ለ«ጥ» ተመደበ። ይህ ሥርዓት በኢሜይል ለሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን ትልቅ እፎይታ ሰጠ፤ ምክንያቱም ተቀባዩ ምንም ፎንት ባይኖረው እንኳ ጽሑፉን በላቲን ፊደል ሊያነበው ይችላል፤ ፎንት ያለው ደግሞ ወደ ፊደሉ ይመልሰዋል። ሰነዱ በነጻ ስለተሠራጨ ማንም ሰው በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ሊጠቀምበት ቻለ። ኋላ የመጡት በርካታ ኪቦርዶችም «ሰላም»ን በድምፁ የማስጻፍን ልማድ ከዚህ አካሄድ ጋር ይጋራሉ። ከዚሁ ጋር ሊብኢት የተባለ፣ የአማርኛ ጽሑፍን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚለውጥ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ተሠራ።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ብዙ ሰው ከማይጠብቀው አገር ከጃፓን ነው። በጹኩባ ከተማ ይገኝ በነበረው የኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ ኬኒቺ ሃንዳና ባልደረቦቻቸው ኢማክስ የተባለውን ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ብዙ ቋንቋዎችን እንዲያስተናግድ ያስፋፉት ነበር። የዚያው ላቦራቶሪ ተመራማሪ ናኦቶ ታካሃሺ የኢትዮጵያን ፊደል ክፍል ወስደው፣ በሴራ ሥርዓት የሚጻፍበትን መንገድ አሰናዱ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ግኑ ኢማክስ 20 ሲወጣ አማርኛ በውስጡ ነበር። ኢማክስ እስከ ዛሬ ከራሱ ጋር የሚያሠራጨው፣ በብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ የተደረደረበት አንድ አጭር ፋይል አለ፤ በውስጡ «አማርኛ» ከሚለው ቃል ጎን «ሠላም» ተጽፏል፤ በንጉሡ ሠ። ኢማክስን በየትኛውም የዓለም ጥግ የጫነ ሰው ያን ቃል ከኮምፒውተሩ ላይ ያገኘዋል። ብዙ ንግድ ነክ ሶፍትዌሮች ለአማርኛ ጀርባቸውን በሰጡበት ዘመን የተሠራ ሥራ ነውና ክብር ይገባዋል።

መሠረቱ የተጣለው ግን በዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ኮንሰርቲየም በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የተመዘገበ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ ዓላማው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር መስጠት ነው። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው እትም የኢትዮጵያን ፊደል አልያዘም ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰንጠረዥ ሲዘጋጅ፣ ሲታረምና ሲያከራክር ቆየ፤ ፍስሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም በዚህ ሂደት ተሳትፈዋል። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲታተም 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ቋሚ ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሀ» በየትኛውም ማሽን አንድ ቁጥር ብቻ አላት።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አያጽፍም። በሸማ ተራ ቋንቋ ሲነገር፣ ዩኒኮድ ድሩን ዘረጋ፤ ማጉ ገና ነበር። ፎንት፣ ኪቦርድ፣ የቃላት አደራደር፣ የቀንና የገንዘብ አጻጻፍ አንድ በአንድ መሠራት ነበረባቸው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ዋና አስተዋጽኦም በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰሉ፣ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልጉና ፊደል የሚለውጡ በርካታ ሞጁሎችን በነጻ ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለተኛው ትውልድ የወጣው ጂ.ቲ.ኬ የተሰኘው የሊኑክስ መገልገያም ለአማርኛ፣ ለኤርትራ ትግርኛና ለኢትዮጵያ ትግርኛ የየራሳቸው መጻፊያ ነበረው።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። ሊኑክስ በሚሠራበት ኮምፒውተር ውስጥ ግሊብሲ የተባለው የግኑ ቤተ መጻሕፍት ለየአገሩና ለየቋንቋው አንዳንድ ትንሽ ፋይል ይዟል። የአማርኛው ፋይል እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ የሳምንቱን ቀናት ይዘረዝራል፤ ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ፣ ማርች እያለ የፈረንጆቹን ወራት በፊደላችን ያስቀምጣል፤ የኢትዮጵያ ብር በዓለም አቀፍ ምሕጻሩ እንዲጠራ ያደርጋል። ከፋይሉ መግቢያ ላይ «ምንጭ» በሚለው መስመር የተጻፈው ስም ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ቀኑም 2003-07-05 ይላል። የትግርኛ፣ የግዕዝ፣ የብሊን፣ የሲዳምኛና የወላይትኛ ፋይሎችም ከዚሁ እጅ የወጡ ናቸው። ሥራው በሺዎች በሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ ዘወትር ይገኛል፤ ሰዓትና ቀን በአማርኛ በታየ ቁጥርም ያገለግላል። ነገር ግን ያን የ«ምንጭ» መስመር የሚያነበው ፋይሉን ከፍቶ የሚያርም የፕሮግራም ባለሙያ ብቻ ነው። የድርጅቱ ስም ሳይታወቅ የቀረበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው፤ ሥራውን የሠራው በሌሎች ፕሮጀክቶች ውስጥ፣ በሌሎች ስም ሥር ነው።

በዚያው ዓመት አካባቢ ሌሎች ለትርፍ ያልተቋቋሙ የሶፍትዌር ድርጅቶች ስማቸውን ወደ አደባባይ ማውጣት ጀምረው ነበር። ሞዚላ ፋውንዴሽንና ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሁለቱም በ2003 ተቋቋሙ። የሞዚላ የድር ማሰሻ የሆነው የፋየርፎክስ ደጋፊዎች በታኅሣሥ 2004 ገንዘብ አዋጥተው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባዋጡት 10 ሺህ ያህል ሰዎች ስም የተሞላ ገጽ ነበር። ፋየርፎክስ ሰው ከፍቶ የሚያየው፣ ምልክቱን የሚለየው ምርት ስለነበር ዘመቻው ሰመረ። ፊደልን ከኮምፒውተር ሥር የሚያደላድል ድርጅት ግን በአደባባይ የሚያሳየው ምልክት የለውም። በአንጻሩ ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ስብስብ በ1997 ለተቋቋመው «ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት» የመዋጮ አሰባሰቡንና የንብረት ጥበቃውን ሰጥቶ ራሱ በኮዱ ላይ አተኮረ። የኢትዮጵያ ፊደል ሠራተኞች እንዲህ ያለ ደጋፊ ጥላ አልነበራቸውም፤ ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ራሳቸው ሰጡ።

ለብቻቸው ግን አልነበሩም። ሰናምርምር በሚል ስም የሚታወቀው የአባስ አላምነህ ፕሮጀክት «ዋሽራ» የተሰኙ የዩኒኮድ ፎንቶችን አዘጋጅቶ በነጻ አሠራጨ። ከስብስቡ ጅረት፣ ጥንት፣ ውቅያኖስ የሚባሉ ቅርጾች ይገኛሉ፤ በፊደል ቅርጽ ጥበባቸው በሚታወቁት በይገዙ ብሥራት ስም የተሰየሙም አሉ። ይህ የኋለኛው ስያሜ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የነጻ ሶፍትዌር ሠሪዎች የእጅ ጥበብ አባት የሆነን ሰው ስም በየኮምፒውተሩ የፎንት ዝርዝር ውስጥ እንዲጠራ አድርገዋልና። ኤስ.አይ.ኤል ኢንተርናሽናል የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ የቋንቋ ድርጅትም አቢሲኒካ የተሰኘውን፣ የብራና ጽሕፈትን መልክ የያዘ ፎንት ለቀቀ። ይኸው ድርጅት ፎንት በነጻ እንዲሠራጭ የሚያስችል ልዩ ፈቃድም አዘጋጅቷል፤ የፈቃዱ 1.1 እትም በየካቲት 2007 ወጥቶ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ለክፍት ፎንቶች ዋና መሠረት ሆኗል። ዋሽራም አቢሲኒካም በደቢያን ውስጥ ተካትተው ከዚያ ወደ ኡቡንቱና ወደ ሌሎች የሊኑክስ ስብስቦችም ተሻገሩ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ፊደሉን በሰፊው አሳደገው። በዋናው ክፍል የቀሩ ፊደላት ተሟሉ፤ የመጻሕፍት ጌጥ የሆነው «፠» ቦታውን አገኘ። በተጨማሪው ክፍል 26 ምልክቶች ገቡ። አሥሩ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቁርጥ። የድጓ ተማሪ በቃሉና በቀለም የሚይዘውን ምልክት ኮምፒውተር እንዲያውቀው መደረጉ ከገበያ አንጻር ትርፍ የለውም፤ ማንም ኩባንያ ለዚህ ብሎ ሰው አይቀጥርም። ለትርፍ ያልቆሙ ሰዎች መኖራቸው ዋጋው የሚታየው እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ነው። የቀሩት 16 ፊደላት ደግሞ ከመ፣ ከበ፣ ከፈና ከፐ የወጡ የሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆች ናቸው። በዚያው እትም ለብሊን፣ ለሜኤንና ለሰባት ቤት ቋንቋዎች ሌሎች 79 ፊደላት ተጨመሩ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 በዩኒኮድ 6.0 የገቡት 32 ፊደላት ለሸማ ተራ ቅርብ ናቸው። ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ፣ ከባስኬቶ እንዲሁም ከጉሙዝ ቋንቋዎች ድምፆች ጋር የተያያዙ ናቸው። በሸማ ተራ የሚሸጠው ነጠላ፣ ጋቢና የጥበብ ቀሚስ በብዛት የሚሸመነው በጋሞ ሸማኔዎች እጅ ነው፤ ብዙዎቹ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ተቀምጠው ይሠራሉ። ቋንቋቸው በኢትዮጵያ ፊደል ሲጻፍ የሚያስፈልጉት፣ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች እስከዚያ ዓመት ድረስ በኮምፒውተር መደበኛ ቁጥር አልነበራቸውም።

በእነዚህ ዓመታት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአገር ቤትም መታየት ጀመረ። ኡቡንቱ ከ2004 ጀምሮ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። በኡቡንቱ የኪቦርድ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን የፈለገ ሰው ከስሙ ጎን «ሴራ» የሚል ቃል ያገኛል፤ ከጃፓኑ ቡድን የወጣው ኤም17ኤን የተባለው ቤተ መጻሕፍት የያዘው፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የነደፉት ያው ሥርዓት ነው። በዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሥር ያለው የአማርኛ ዊኪፔዲያ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ትጋት ወደ 15 ሺህ አካባቢ መጣጥፎች ደረሰ። መርካቶ ግን በአብዛኛው በሌላ መንገድ ሄደ። ዊንዶውስ ከነአማርኛ ፎንቱ በሲዲ ተገልብጦ ይሸጥ ስለነበር፣ ለተጠቃሚው ነጻ የሆነና የተገለበጠ ሶፍትዌር ልዩነታቸው አልታየውም። ለክፍት ምንጭ ድርጅቶች መታወቅ ይህ ከባድ እንቅፋት ሆኗል፤ ሁሉም ነገር በርካሽ በሚገኝበት ገበያ በነጻ የሰጠ ሰው አይለይምና።

ከውጭ የመጣ አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ግን በኢትዮጵያ ምክንያት በዓለም ዜና ላይ ጎልቶ ወጣ። «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» ለሕፃናት የተሠሩ፣ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠሩ ላፕቶፖችን ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስገብቶ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፊደል ያለበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸዋል። በ2012 መሪው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮች በወንጪና በወለንጪቴ አካባቢ ለሕፃናት ታብሌት ያለ አስተማሪ መሰጠቱን፣ በአምስት ወር ውስጥም ልጆቹ የተዘጋውን የማሽኑን ካሜራ ራሳቸው ፈልገው እንደከፈቱት ተናገሩ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ልጆቹ በእርግጥም ሊደነቁ ይገባል። ሆኖም በአማርኛ እንዲጻፍና እንዲነበብ ያስቻለውን የዓመታት ሥራ የጠየቀ ጋዜጠኛ አልተገኘም። የድርጅት ስም የሚጎላው ለአፍ የሚጥም ታሪክ ሲኖረው ነው፤ የፊደል ሥራ ደግሞ ረጅም፣ ዝምተኛና ዝርዝር የበዛበት ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ዋናው መድረክ ስልክ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች የአማርኛ መልእክት ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ይታይ ነበር፤ ቁጥሩ አለ፣ ፎንቱ ግን የለም። ጎግል ኖቶ የተሰኘውን የፎንት ቤተሰብ የኢትዮጵያን ፊደል ጨምሮ ሲያዘጋጅ በ2015 ፈቃዱን ወደ ኤስ.አይ.ኤል ክፍት ፈቃድ አዛወረው። የወራትና የቀናት ስሞች፣ መስከረምና ጥቅምትን እስከ ጳጉሜን ጨምሮ፣ ዩኒኮድ ከ2004 ጀምሮ በሚያስተዳድረው ሲ.ኤል.ዲ.አር በተባለው ክፍት የመረጃ ቋት ተሰበሰቡ። አንድሮይድም አይፎንም ከዚያ ይቀዳሉ። እንግዲህ አማርኛ በስልክ ላይ የቆመው አንድም በትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ፣ አንድም በትናንሽ ድርጅቶችና በግለሰቦች ልግስና ነው፤ ስማቸው የተነገረው ግን የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው።

የመታወቅ ጥረቱ መልክ የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። ዩኒኮድ ኮንሰርቲየም በታኅሣሥ 2015 «ፊደል በማደጎ» ሊባል የሚችል የመዋጮ ዘመቻ ጀመረ፤ ማንም ሰው ከ100 እስከ 5,000 ዶላር ሰጥቶ የመረጠው ፊደል ስፖንሰር ሆኖ ስሙ ይመዘገባል፤ ገንዘቡም ድጋፍ ላጡ ቋንቋዎች ሥራ ይውላል። በዚያው በ2015 ኤስ.አይ.ኤል ኪማን የተባለውን፣ ማርክ ደርዲን በ1990ዎቹ የጀመረውን የኪቦርድ ሶፍትዌር ተረከበ፤ ቀጥሎም ኮዱ ለሁሉም ተከፈተ። ለግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። የድርጅቱ የአማርኛ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ኪቦርዶች በኪማን ዝርዝር ውስጥ ሲገቡ ስማቸው የሚጀምረው በድርጅቱ ምሕጻረ ቃል ነው። በአንድ ኮድ ፋይል ውስጥ ተደብቆ የኖረው ስም በዚህ መንገድ ተጠቃሚው በሚመርጠው ኪቦርድ ላይ ወጣ። ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ሥራው ባለበት ቦታ ላይ ስምን ማኖር ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት የሚሻል መንገድ መሆኑን ይህ ያሳያል፤ ሰው የሚያውቀው በየዕለቱ የሚነካውን ነውና። የአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎችም ይህን ታሪክ በኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርታቸው ውስጥ ቢያስገቡት ተማሪው ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አስተዋጽኦ ማድረጊያውን በር ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ደግሞ ዩኒኮድ 14.0 ወጣ። ለጉራጌ ቋንቋዎች የተሻሻለ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት ገቡ፤ ዳንኤል ያዕቆብም ለዚህ ጥያቄ ሰነድ አቅራቢ ነበሩ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ያለው ጠቅላላ ቁጥር በዚህ 523 ደረሰ። መርካቶን ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ገበያ አድርገው ካቆሙት ነጋዴዎች የጉራጌው ድርሻ ከፍተኛ ነው፤ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው ገበያ ያደገው በእነርሱም ጉልበት ነው። የሸማኔው ቋንቋ ድምፆች በ2010፣ የነጋዴው ደግሞ በ2005ና በ2021 ቋሚ ቁጥር አገኙ። ፊደሉ ተመዝግቧል ማለት ግን ወዲያው በስልክ ይጻፋል ማለት አይደለም። ፎንቱ መታደስ፣ ኪቦርዱ መዘርጋት፣ የስልኩ ሥርዓት ማሻሻያውን መጫን አለበት፤ ይህ ዓመታት ይወስዳል። አቢሲኒካ አዲሶቹን ፊደላት ካካተቱ ፎንቶች አንዱ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 2024፣ በመርካቶ ሸማ ተራ ከባድ የእሳት አደጋ ደረሰ፤ በርካታ ሱቆችም ወደሙ። ዜናው በአማርኛ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። መልእክቶቹ በማንኛውም ስልክ ተነበቡ፤ የላኪው ፎንት በተቀባዩ ዘንድ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ከተረሳ ቆይቷል። በፍሎፒ ዲስክ ዘመን አንድ የዋጋ ዝርዝር ከሱቅ ወደ ማተሚያ ቤት ማሻገር ያቃተው ያው አካባቢ ነው።

ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሥራውን በክፍት የኮድ ማከማቻ ላይ ማኖሩን ቀጥሏል። ኪቦርዶቹን ማንም በነጻ አውርዶ ሊጭናቸው ይችላል፤ ስሕተት ያየ ሰው ያመለክታል፣ ኮድ የሚችል ደግሞ እርማቱን ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል።